ከሞት ኋላ የቀረ ቆጠራ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1980 በሕክምናው ዓለም ትልቅ ክብር ያለው «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» በደብዳቤዎች ዓምዱ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊዎቹ በቦስተን መድኃኒቶች በሆስፒታል ሕሙማን ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ይመዘግቡ የነበሩት ዶክተር ሄርሼል ጂክና የሥራ ባልደረባቸው ጄን ፖርተር ናቸው። ደብዳቤዋ አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ሞርፊንን የመሰሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች (ኦፒዮይድ የሚባሉት) ከተሰጧቸው 11,882 የሆስፒታል ሕሙማን መካከል፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ እንደያዛቸው በቂ መረጃ የተገኘባቸው 4 ብቻ መሆናቸውን ትገልጻለች።

ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። የተቆጠሩት ግን ሆስፒታል ተኝተው መድኃኒቱን ከነርስ እጅ በልክ የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው። የአንድ ወር ኪኒን ይዞ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ ስለሚውጥ ሰው ደብዳቤዋ አንዲት ቃል አትናገርም። ሆኖም በቀጣዮቹ ዓመታት ሐኪሞች፣ የመማሪያ መጻሕፍትና የመድኃኒት ሻጮች «ሱስ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይዝም» የሚለውን አባባል ሲያራቡ ከሚጠሯቸው ምስክሮች አንዷ ይህች ደብዳቤ ሆነች። በአሜሪካ ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀው የኦፒዮይድ ዕልቂት ታሪክ እንዲህ የሚጀምረው በአንድ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውም ታሪክ በአብዛኛው የቁጥር ታሪክ ነው፤ ማን ቆጠረ፣ መቼ ቆጠረ፣ ማን ደበቀ፣ ማን ዘገየ የሚል።

በዲሴምበር 1995 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለፐርዱ ፋርማ ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለውን ማስታገሻ ፈቀደ። በውስጡ ያለው ኦክሲኮዶን የሞርፊን ዘመድ ሲሆን፣ ኪኒኑ መድኃኒቱን ለ12 ሰዓት ቀስ እያለ እንዲለቅ ሆኖ ተሠርቷል። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መለቀቁ ያላግባብ የመወሰድ አደጋውን ይቀንሳል ተብሎ እንደሚታመን በማብራሪያ ወረቀቱ ላይ ተጻፈ። ይህን የሚያረጋግጥ ጥናት ግን አልነበረም። ኪኒኑን የሚፈጩና የሚያኝኩ ሰዎች የ12 ሰዓቱን መጠን በአንድ ጊዜ እንደሚያገኙ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። ገበያ ላይ በዋለበት በ1996 የኦክሲኮንቲን ሽያጭ 48 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2000 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ኪኒኑ መጀመሪያ ከጎረፈባቸው አካባቢዎች መካከል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች በጀርባና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚሠቃዩባቸው የዌስት ቨርጂኒያ፣ የኬንታኪና የቨርጂኒያ ተራራማ ወረዳዎች ይገኙበታል።

በእነዚህ ወረዳዎች ሰዎች መሞት ሲጀምሩ ሞታቸውን የሚያይ ዓይን አልነበረም ማለት ይቻላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ የሞት ምስክር ወረቀት የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

አንድ ሰው በመኝታ ቤቱ ሞቶ ሲገኝ ጉዳዩ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ግዛቱ አስከሬን መርማሪ ይቀርባል። አሜሪካ ለዚህ ሥራ አንድ ወጥ ሥርዓት የላትም። አንዳንዱ ቦታ ልዩ ሥልጠና ያለው ሐኪም ይመረምራል፤ ሌላው ቦታ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ፣ ሐኪም መሆን የማይጠበቅበት ሹም ይሠራዋል። ደምና ሽንት ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያው የሞት ምክንያት በሚሞላበት ቦታ «በምርመራ ላይ» የሚል ይጻፋል። ውጤቱ ሲመጣ መርማሪው የመድኃኒቱን ስም በወረቀቱ ላይ ማስፈር አለበት። ወረቀቱ ወደ ክፍለ ግዛቱ፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊው የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ በቃላት የተጻፈው ምክንያት ወደ ዓለም አቀፍ የበሽታ መለያ ኮድ ይለወጣል። አሜሪካ ለሞት መዝገብ አሥረኛውን የኮድ እትም መጠቀም የጀመረችው በ1999 ስለሆነ፣ ዛሬ የምናያቸው ሠንጠረዦች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዚያ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ከመጠን በላይ መድኃኒት ወይም ዕፅ ወስደው የሞቱት 16,849 ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ በኦፒዮይድ የሞቱ ናቸው።

ከ1999 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ከአምስት ወረቀት አንዱ፣ አንዳንዴም ከአራት አንዱ፣ የገዳዩን ዕፅ ስም አይጠቅስም ነበር። «በብዙ መድኃኒቶች መመረዝ» ተብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ሟች ከጠቅላላው ድምር ውስጥ ይገባል፤ ምን እንደገደለው ግን ለማንም አይነግርም። የቆጠራው ሥርዓት ራሱ የቆመው ዓመት አልፎ ሒሳቡ ሲዘጋ ለሚወጣ መጽሐፍ ነበር። ወረርሽኝን በሂደቱ ላይ እያለ እንዲይዝ ማንም አላዘጋጀውም።

ጉዳዩን ቀድመው ካዩት አንዱ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሥራ ላይ ለተጎዱ ሠራተኞች ካሳ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ሐኪም ዶክተር ጌሪ ፍራንክሊን ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የከፈለበትን ማዘዣ ሁሉ ስለሚመዘግብ፣ ለሠራተኞች የሚታዘዘው መጠን ከ1996 ወዲህ እንዴት እንዳሻቀበ ከፋይሉ ላይ ማየት ቻሉ። ወገባቸውን ታምመው ካሳ የጠየቁ ሰዎች ለሕመማቸው በተሰጣቸው መድኃኒት እየሞቱ ነበር። ፍራንክሊንና ባልደረቦቻቸው መዝገብ በመዝገብ አገላብጠው በእርግጠኝነት ወይም በብርቱ ግምት በኦፒዮይድ የተከሰቱ 32 ሞቶችን ለዩና በ2005 አሳተሙ። 32 ሰው በአገር ደረጃ ሲታይ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ሞት ግን ማዘዣው፣ መጠኑና ቀኑ ስለተያዘ ማስተባበል የማይቻል ማስረጃ ሆነ። ክፍለ ግዛቱም በ2007 ሐኪሞች ከተወሰነ መጠን በላይ ከማዘዛቸው በፊት ልዩ ባለሙያ እንዲያማክሩ የሚል መመሪያ አወጣ።

በዚያው ሰሞን በበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ በሚባለው፣ ዶክተር ሌናርድ ፓውሎዚ የአገሪቱን የሞት መዝገብ እየመረመሩ ነበር። በ2006 ያሳተሙት ጥናት ከ1999 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት የሕመም ማስታገሻ ኦፒዮይድ የተጠቀሰባቸው የመመረዝ ሞቶች 91 በመቶ እንደጨመሩ፣ ሄሮይን የተጠቀሰባቸው ደግሞ የጨመሩት 12 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳየ። ይህ የቆየውን እምነት የሚገለብጥ ነበር። ሕዝቡም ፖሊሱም የሚጠብቀው ገዳይ በመንገድ ላይ የሚሸጠው ዱቄት ነበር፤ መዝገቡ ያሳየው ገዳይ በፋርማሲ በማዘዣ የሚሰጠው ኪኒን ሆነ። ይሁንና ጥናቱ በወጣ ጊዜ የያዘው መረጃ የአራት ዓመት አሮጌ ነበር። በአባባላችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ።

በዌስት ቨርጂኒያ ተመራማሪዎች በ2006 በማዘዣ መድኃኒት የሞቱ 295 ሰዎችን አንድ በአንድ ተከታተሉ። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ ለሆኑት ከገደላቸው መድኃኒት ቢያንስ አንዱ በስማቸው የታዘዘ አልነበረም፤ ከዘመድ፣ ከጓደኛ ወይም ከሻጭ ያገኙት ነው። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከአንድ ሐኪም ወደ ሌላው እየዞሩ ማዘዣ ይሰበስቡ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ሞትን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ኪኒኑ ራሱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ መቁጠርም ያስፈልጋል። የኪኒኑ ሻጭም ተጠየቀ፤ ከፐርዱ ጋር የተቆራኘ ኩባንያ በ2007 መድኃኒቱን በተሳሳተ ገለጻ በመሸጥ ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ፣ ከሥራ ኃላፊዎቹ ጋር በድምሩ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ሽያጩ ግን ቀጠለ።

ኪኒን አለመቁጠር ምን እንደሚያስከትል ፍሎሪዳ አሳየች። ብዙ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዱን ማዘዣ የሚመዘግብ ቋት ሲያቋቁሙ ፍሎሪዳ ዘገየች። በዚያ ክፍተት ሐኪሞች ራሳቸው ጥሬ ገንዘብ ተቀብለው እዚያው ኪኒን የሚያድሉባቸው «ክሊኒኮች» እንደ አሸን ፈሉ፤ ከኬንታኪና ከኦሃዮ ድረስ ሰዎች በመኪና እየነዱ ይሰለፉባቸው ነበር። በ2010 በመላው አሜሪካ ኦክሲኮዶንን ከቢሯቸው በብዛት ካደሉት 100 ሐኪሞች 98ቱ በፍሎሪዳ የሚሠሩ ነበሩ። ክፍለ ግዛቱ ሕግ አወጣ፤ ክሊኒኮቹን ዘጋ፤ በ2011 የማዘዣ መመዝገቢያውን ሥራ አስጀመረ። በ2010 3,201 የነበረው በመድኃኒትና በዕፅ የሚሞተው ሰው ቁጥር በ2012 ወደ 2,666 ወረደ፤ በኦክሲኮዶን የሚሞተው ሰው መጠን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። መረጃ በወቅቱ ሲደርስና እርምጃ ሲከተለው ሕይወት እንደሚያተርፍ ይህ ግልጽ ማስረጃ ነው።

ሱሱ የያዛቸው ሰዎች ግን ኪኒኑ ሲጠፋ ሱሳቸው አብሮ አልጠፋም። ፐርዱ በ2010 ኪኒኑን በቀላሉ እንዳይፈጭ አድርጎ ሲቀይረው፣ ሕክምና ያላገኙት ብዙዎቹ ወደ ርካሹ ሄሮይን ዞሩ። በ2010 በሄሮይን የሞቱት 3,036 ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 15,469 ደረሰ። መንግሥት ማዘዣ መቁጠር በተማረበት ዓመት ሞቱ ማዘዣ ወደማያውቀው ገበያ ተዛውሮ ነበር።

ከዚያ ፌንታኒል መጣ። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 ጊዜ ያህል የሚበረታ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ ነው፤ በጣት ጫፍ የሚያዝ ያህል ብናኝ ሰው ይገድላል። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። ከ2005 እስከ 2007 ችካጎን፣ ዲትሮይትንና ፊላዴልፊያን ጨምሮ በስድስት አካባቢዎች በሕገወጥ ፌንታኒል 1,013 ሰዎች መሞታቸውን ሲዲሲ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ክትትል ቆጥሮ ነበር። በሜክሲኮ ቶሉካ የነበረው ማምረቻ ሲዘጋ ሞቱ ቆመ፤ ክትትሉም አብሮ ቆመ። በ2013 ፌንታኒል ሲመለስ ብዙ ላቦራቶሪዎች እሱን በመደበኛነት አይመረምሩም ነበር፤ ካልፈለጉት ደግሞ አይገኝም። ሲገኝም የሚገባበት ኮድ፣ ቲ 40.4፣ ሕገወጡን ፌንታኒል በሆስፒታል ከሚሰጠው ፌንታኒልና ትራማዶል ከተባለው ማስታገሻ ጋር አንድ ላይ ያጠቃልላል። በዚህ ኮድ ሥር በ2013 3,105 ሞት ተመዘገበ፤ በ2017 28,466 ሆነ።

ኦገስት 15 ቀን 2016 ከሰዓት በኋላ በዌስት ቨርጂኒያዋ ሃንቲንግተን ከተማ የአምቡላንስ ጥሪ ይጮኽ ጀመር። በአራት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከሃያ በላይ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ወድቀው ተገኙ። የአምቡላንስ ሠራተኞች የኦፒዮይድን ኃይል የሚሽረውን ናሎክሶን እየሰጡ ብዙዎቹን ከሞት መለሱ። ሲዲሲ በኋላ ጉዳዩን ሲመረምር ያገኘው ግን የሚያሳዝን ነው፤ ከመረመራቸው ታካሚዎች አንዱም እንኳ ወደ ሱስ ሕክምና አልተመራም። ሞትን ያመለጡት ወደ ወጡበት ተመለሱ። ከዚህ ትምህርት የወሰደችው ከተማ፣ ሞት ለጥቂት ያመለጣቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለሕክምና የሚጋብዝ ቡድን በኋላ አቋቋመች።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር የዌስት ቨርጂኒያው «ቻርለስተን ጋዜት ሜይል» ጋዜጠኛ ኤሪክ አየር፣ የመድኃኒት አከፋፋዮች ተሟግተው ሊያስደብቁት የሞከሩትን የጭነት መዝገብ አወጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ 780 ሚሊዮን የሃይድሮኮዶንና የኦክሲኮዶን ኪኒን ወደ ክፍለ ግዛቱ ገብቷል፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ሕፃን አዛውንት ሳይለይ፣ 433 ኪኒን ማለት ነው። 392 ነዋሪ ባላት ከርሚት በምትባል ትንሽ ከተማ ለአንዲት ፋርማሲ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ የሃይድሮኮዶን ኪኒን ተልኮላታል። ይህ ሁሉ በወቅቱ ተጽፎ፣ ተቆጥሮ፣ በመዝገብ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው የሚያነብና የሚያስቆም ሰው ነው። አየር ለዚህ ሥራው በ2017 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በጁላይ 2019 ደግሞ ጋዜጦች ፍርድ ቤት ተከራክረው የኪኒን ጭነት የሚመዘገብበትን የፌዴራል ቋት ሲያስከፍቱ፣ ከ2006 እስከ 2012 በመላ አገሪቱ 76 ቢሊዮን ኪኒን መሠራጨቱ ታወቀ።

በ2017 ቆጠራው በመጨረሻ ፍጥነት መጨመር ጀመረ። ጃንዋሪ ላይ በዋሽንግተንና ባልቲሞር አካባቢ የተቋቋመ የጸረ ዕፅ ጥምረት፣ የአምቡላንስና የፖሊስ ሠራተኞች ያጋጠማቸውን ክስተት ወዲያው በካርታ ላይ የሚያስቀምጡበት ኦዲማፕ የተባለ መገልገያ ዘረጋ። በአንድ ሰፈር ክስተቱ በድንገት ሲበዛ አጎራባቾቹ በሰዓታት ውስጥ ያውቃሉ። ሲዲሲም ጊዜያዊ የሞት ቁጥሮችን በየወሩ ማውጣት ጀመረ፤ ዓመት ከመጠበቅ ወደ አራት ወር ገደማ መዘግየት ተወረደ። ከሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል በየዕለቱ የሚላከው መረጃም ሥራ ላይ ዋለ፤ ከጁላይ 2016 እስከ ሴፕቴምበር 2017 በኦፒዮይድ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የገባው ሰው 30 በመቶ መጨመሩ ሞቱ ተቆጥሮ ሳያልቅ ታወቀ። በዚያው ዓመት የካናዳ ተመራማሪዎች ያችን የ1980 ደብዳቤ የጠቀሱ 608 ጽሑፎችን መርምረው፣ ከአሥሩ ሰባቱ ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ እንዳደረጓት፣ ከአሥሩ ስምንቱ ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን እንዳልጠቀሱ አሳዩ። ኦክቶበር ላይ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ ታወጀ። ዓመቱ ሲዘጋ 70,237 ሰው ሞቶ ነበር።

በ2018 ቁጥሩ በጥቂቱ ቀነሰ። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ ሰው ብቻውን ተዘጋ፤ ሕክምና ተቋረጠ፤ ፌንታኒልም የሐኪም መድኃኒት በሚመስሉ ሐሰተኛ ኪኒኖች ውስጥ ገባ። እስከ ኤፕሪል 2021 በነበሩት 12 ወራት የሟቾቹ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100,000 አለፈ። በ2022 107,941 ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ቆጠራው ሌላም ነገር ገለጠ። ዜናው የገጠር ነጮችን መከራ ሲተርክ ቆይቶ፣ በ2020 የጥቁር አሜሪካውያን የሞት መጠን ከነጮች በለጠ። በዋሽንግተን ዲሲ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ለአሥርት ዓመታት ሄሮይን ሲጠቀሙ ኖረው ፌንታኒል የገደላቸው በዕድሜ የገፉ ጥቁር ወንዶች ናቸው። ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ያለው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ኦዲማፕ የተወለደበት ምድር ማለት ነው። በሚታተሙት ሠንጠረዦች ላይ ግን ከእኛ ልጆች አንዱ ቢሞት የሚቆጠረው «ጥቁር» በሚለው ዓምድ ነው። በእኛ መካከል ስንት ሰው እንደሞተ የሚናገር ለብቻው የወጣ አኃዝ የለም። አኃዝ አለመኖሩን የችግር አለመኖር አድርገው የሚያጽናኑ ብዙ ናቸው፤ ከላይ የተተረከው ታሪክ በሙሉ ግን ይህ መጽናኛ ስንት ሕይወት እንዳስከፈለ ያሳያል።

በ2023 ናሎክሶን በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ውሳኔውን ካጠናከሩት ነገሮች አንዱ ሲዲሲ ከአስከሬን ምርመራና ከፖሊስ ሪፖርት ያሰባሰበው ዝርዝር ነበር፤ በኦፒዮይድ ከሚሞቱት ከአሥሩ በአራቱ ገደማ አቅራቢያ ሌላ ሰው ነበር። በሚቀጥለው ክፍል ተኝቶ የነበረ ወንድም፣ ሳሎን የተቀመጠች እናት። መድኃኒቱ በእጃቸው ቢሆን፣ ምልክቱንም ቢያውቁ፣ ሊደርሱለት ይችሉ ነበር። በ2024 የሲዲሲ ጊዜያዊ ቁጥር የሟቾች ቁጥር በአንድ ዓመት ከ110,000 ገደማ ወደ 80,000 ገደማ፣ ማለትም በ27 በመቶ፣ መውረዱን አሳየ። የናሎክሶን መሠራጨት፣ የሕክምና መስፋፋትና የዕፁ አቅርቦት መለወጥ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፤ የትኛው ስንቱን እንደሠራ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ።

በ2025 የጸደይ ወራት ግን በፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤቶች ሰፊ የሠራተኛ ቅነሳ ሲካሄድ፣ ብሔራዊውን የዕፅ አጠቃቀም መጠይቅ የሚመራው ቡድን ከተሰናበቱት መካከል ሆነ። ሞት ሲቀንስ ቆጣሪውን ማሰናበት የ2007ን ስሕተት መድገም ነው። ያን ጊዜም ማምረቻው ተዘጋ፣ ክትትሉ ቆመ፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ ፌንታኒል ያለ ጠባቂ ገባ።

የ2024ቱ 80,000 ሞት እንኳ በ1999 ከነበረው አራት እጥፍ በላይ ነው። ቆጠራው መቀጠል አለበት፤ ፈጥኖም መውጣት አለበት። አንባቢ ሆይ፣ የምትኖረው በአሜሪካ ከሆነ ናሎክሶን ከፋርማሲ ግዛ፣ ወይም በአካባቢህ ያለው የጤና ቢሮ በነፃ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቅና ቤትህ አስቀምጥ። ትንፋሹ የደከመ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ቢጠሩት የማይሰማ ሰው ስታይ መድኃኒቱን ረጭተህ 911 ደውል። ከቤተሰብህ ሰው በዚህ ምክንያት ሞቶ ከሆነ ደግሞ እውነቱ በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ፍቀድ። ሐዘኑ ለወዳጅ ዘመድ በሌላ ስም ሊነገር ይችላል፤ መዝገቡ ግን እውነቱን ካልያዘ በቀጣዩ ሰው ላይ የሚመጣውን የሚያይ አይኖርም።